ቤዚ የምታውቀው ወንበር

«ሌላ ልጅስ ያውቀዋል ወይ?» አሉኝ መምህርት ፍሬሰላም፣ ወረቀት ላይ የሳልሁትን ወንበር ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው እያዩ። ልጄ ቤዚ ገና እንዳየችው «ወንበር!» ማለቷን በኩራት ነግሬያቸው ነበር።

ሥዕል ልማር ብዬ አልነበረም የገባሁት። አራዳ ባለው አጸደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ እኛ እናቶች ፊደል እንማራለን። በዚያ ሰሞን ለሕፃናቱ ክፍል አንዲት ረዳት ተፈለገች። ረዳቷ ሰሌዳው ላይ ከፊደሉ አጠገብ ዕቃውን በጠመኔ መሳል አለባት፤ ከ«ወ» ጎን ወንበር፣ ከ«ጃ» ጎን ጃንጥላ። እዚያው ክፍል የምትማረው ልጄ ቤዚ አስም አለባት። ትንፋሽ ሲያጥራት አትጮህም፤ ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ዝም ያለችን ልጅ ማን ያያል? እኔ ክፍሉ ውስጥ ብሆን አያታለሁ። የፈለግሁት ይኼንኑ ብቻ ነው።

ከእኔ ሌላ የተመዘገበችው አዛለች ናት፤ ከጭልጋ የመጣች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። መምህርት ፍሬሰላም ጠረጴዛ ላይ ጣሳ አስቀመጡልን። እኔ አፉን ድፍን ክብ አድርጌ ሳልሁት።

«ከላይ ሆነሽ ነው እንዴ የምታዪው?» አሉኝ። «ከተቀመጥሽበት ሲታይ እኮ ጠበብ ይላል፤ እንደ ተጋደመ እንቁላል።»

«እንዲህ ላለ አፍ ክዳን አይገጥመውም!» አልኋቸው።

«ምነው እቴ፣ ጠላ ልትቀጂበት ነው?» አለች አዛለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤት ስገባ ቤዚን አጠገቤ አስቀምጬ እለማመድ ነበር። የወንበሩ እግሮች አልቆም አሉኝ፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ወደ ጎን ይሸሻል። አጠፋለሁ፣ ደግሞ እስላለሁ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። «እማ፣ ወንበር ነው» ትለኛለች ቤዚ፣ ሁለተኛውን መስመር እንኳ ሳልጨርስ። ያን ጊዜ ልቤ ያርፋል።

አዛለች ግን ሥዕሏን ይዛ ፒያሳ ትሄድና ባጃጃቸውን አቁመው ተራ ለሚጠብቁት ሾፌሮች ታሳያለች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«በሬ የረገጠው ድስት!» ይሏታል።

እየተሳደበች ትመለስና አስተካክላ ትስለዋለች። እኔ እንደ እሷ የሰው መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።

የረዳትነቱ ፈተና ዕለት ፈታኞቹ ልጆቹ ራሳቸው ሆኑ። እኛ ሰሌዳው ላይ እንስላለን፣ እነሱ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። አዛለች ጃንጥላ ሳለች። «ጃንጥላ!» ብለው ክፍሉን አናጉት። ለእኔ ወንበር ደረሰኝ። አንዲት መስመር እንዳሰመርሁ ቤዚ ብድግ አለች።

«ወንበር! የእማዬ ወንበር!»

«ቤዚ፣ አንቺ ዝም በይ፤ ሌሎቹ ይናገሩ» አሉ መምህርት ፍሬሰላም።

ስዬ ዞር ስል ልጆቹ አንገታቸውን አዘንብለው ያያሉ።

«ፍየል!» አለ አንዱ።

«ፍየልማ አይደለም፣ ቀንዱ የታለ? በግ ነው!»

ሳቁ እንደ በረዶ ወረደብኝ። ቤዚ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ ይፈሳል። «ቆዩ፣ ላስተካክለው» ብዬ የኋላ እግሮቹን አጥፍቼ አሳጠርኋቸው።

«ተኛች! ፍየሏ ተኛች!»

ጠመኔውን ወርውሬ መስበር አማረኝ።

«ወለላ፣ ይበቃል» አሉ መምህርት ፍሬሰላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጠመኔውን ከእጄ የተቀበለችኝ አዛለች ናት። «ቤዚ ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ትሆናለች? ንገሪኝ» አለችኝ፣ እንዳመሏ ሳትስቅ። ዝም እንደምትል፣ ጥግ እንደምትይዝ፣ መድኃኒቷ የቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ እንዳለ ነገርኋት። ደግሜም ነገርኋት።

«ሰማሁሽ እኮ» አለች።

አዛለች ረዳት ሆና ክፍሉ ውስጥ ቀረች፤ ቤዚም አብራት ቀረች። እኔ ወጣሁ።