የጅዳ አዛን በከሚሴ

«ተቀበል የሚለውን ንካው! ላክ አይደለም፣ ተቀበል!» ዓፊያ ድምፅዋ እስኪሻክር ጮኸች። በሱቋ መስኮት ላይ የተደገፉት ወንዶች ስልካቸውን ዘርግተው ይገፋፋሉ። የአንዱ ሜሞሪ ሞልቶ አልቀበል ብሎታል፤ ሌላው ዋይፋዩን ዘግቶ ይዞ «የእኔን ለምን አታገኚውም?» እያለ ይነጫነጫል። ለማፍጠር ትንሽ ቀርቷል። የጾመ ሰው በዚያ ሰዓት ከገዛ ወንድሙም ጋር ቢሆን ይጣላል።

ዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ አፕ የሚገኘው ከሰው ስልክ ነው። ዓፊያ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችው ስልክ ደግሞ ሙሉ ነበር፤ የቁርኣኑም፣ የዱዓውም፣ ከሁሉም በላይ የአዛኑ አፕ አለው። በዜንደር ከስልኳ ወደ ሰው ስልክ ትልከዋለች። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ሆነው ከተገናኙ ይበቃል። የወሰደው ሰው ለጎረቤቱ ይልካል፣ ጎረቤቱ ለአማቹ። ረመዳን በገባ ሰሞን ከተማው ሁሉ ሙአዚን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ።

አፑ አዲስ ስልክ ላይ ሲገባ በመጀመሪያ ከተማ ምረጥ ይላል። ከሚሴን ፈልጎ ለማግኘት ዳታ ያስፈልገዋል፤ ያለ ዳታ የሚያሳየው ጥቂት ትልልቅ ከተሞችን ብቻ ነው። ዓፊያ ለሁሉም ሰው ጅዳን መረጠችለት። እዚያ ስትኖር ከቤተሰቦቿ ጋር እየተደዋወለች እንዳየችው የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው። ሰውም ደስ አለው። «ጅዳ? የመካ ጎረቤት አይደለች እንዴ! እሷ ትሻላለች» እያለ ነበር የሚወስደው፤ ለሌላው ሲልክም እሷኑ ያስመርጠዋል።

«አላሁ አክበር! አላሁ አክበር!»

በመስኮቱ ዙሪያ ያሉት ስልኮች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ከየኪሱ ቴምር ወጣ። «ቢስሚላህ» ተባለ፣ ውሃ ተላለፈ፣ ጭቅጭቁ ጸጥ አለ። መስጊዱ ግን ገና ዝም እንዳለ ነው።

«ሰማችሁ?» አሉ ሐጂ አብዱልጀባር ከፊት ለፊት ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ፣ ቴምራቸውን እያኘኩ። የመስጊዱ ኮሚቴ አባል ናቸው፤ ሲናገሩ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው። «ጅዳ አፈጠረች፣ ሸህ በድሩ ግን ገና አልነቁም!»

ሰዉ ሳቀ። ጎረምሶቹ የቴምሩን ፍሬ ወደ መስጊዱ በር አቅጣጫ እየተፉ ማን አርቆ እንደሚያደርስ ተፎካከሩ። ዓፊያም ሳቀች። ለምን አትሳቅ? ሙአዚኑ ሸህ በድሩ ለእሷ ጠላት ናቸው። አፑ እንደተዛመተ የሰሙ ዕለት በመስጊዱ በር ላይ ቆመው «ከዓረብ አገር የመጣች ሴት የምትበትነው ጩኸት አዛን አይባልም፤ እዚያ ምን ስትሠራ እንደኖረች ማን ያውቃል?» ብለዋል። ማን ያውቃል የሚለው ቃል ከሚሴን ዞሮ፣ ጨፋ ሮቢት ደርሶ፣ በእናቷ ጆሮ በኩል ተመልሶ መጣላት። ያንን ቀን አልረሳችውም፤ መርሳትም አልፈለገችም።

ሐጂ አብዱልጀባር መንገዱን አቋርጠው ወደ መስኮቱ መጡ። «አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ! እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ! ነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሽማግሌው ከማይኩ ይነሳሉ፣ ተቆርጧል። ስልክሽን ለባልሽ ለኢልያስ ስጪው፣ ይዞልን ይምጣ። ሕዝበ ሙስሊሙን በየቀኑ ያለ አግባብ እያስራቡት መሆኑን ምስክራችን ስልኩ ነው።»

«እሺ፣ ሐጂ» አለች ዓፊያ። ሆዷ ቅቤ ጠጣ።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። የደወለችው ዘሃራ ነበረች፣ ጅዳ አብራት አንድ ክፍል የኖረች ጓደኛዋ። ሱቁ ውስጥ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ዓፊያ ቴምሯን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘች ወደ ደጅ ወጣች።

«አፈጠርሽ?» አለች ዘሃራ።

«አሁን። ገና እያኘክሁ ነው።»

«እኛም አሁን ነው፣ አዛኑ ገና አላለቀም። ስሚው!» ዘሃራ ስልኩን ወደ መስኮት አወጣችው መሰል፣ የጅዳው አዛን ጥርት ብሎ ተሰማ።

ዓፊያ ፈገግ ብላ ሽቅብ ቀና አለች። ፈገግታዋ እዚያው ቀረ። ከሚሴ ላይ ፀሐይ በጊዜ ነው የምትሰወረው፤ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ ይጋርዳትና ከተማው ጥላ ውስጥ ይገባል። በስተ ምሥራቅ ባለው ጋራ አናት ላይ ግን የፀሐይዋ ብርሃን ገና ቢጫ ሆኖ ፍንትው ብሎ ይታያል። ፀሐይ አልገባችም። ዓፊያ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ሱቅ ውስጥ ስልክ ላይ አቀርቅራ ስለምትሆን አንድም ቀን ያንን ጋራ አላየችውም። የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ መሆኑን እንጂ ፀሐይዋ በሁለቱ አገር እኩል እንደማትጠልቅ አላሰበችም።

«ዘሃራ፣ እናንተ ጋ ፀሐይዋ ገብታለች?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አዛን እያለ!»

ዓፊያ ቴምሩን እጇ ላይ ተፋችው። ብርሃኑ ከጋራው ላይ ቀስ እያለ ተነሳ፣ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ የመስጊዱ ማይክ ተንኮሻኮሸና የሸህ በድሩ የሻከረ ድምፅ «አላሁ አክበር» አለ። «ነቁ! ነቁ!» ብለው ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። ዓፊያ የተፋችውን ቴምር እንደጨበጠች ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ማታ ለኢልያስ ነገረችው። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሾርባውን እየጠጣ እስከ መጨረሻው አዳመጣትና በመጀመሪያ የጠየቃት «ለማን ተናገርሽ?» ብሎ ነው።

«ለማንም።»

«እንግዲያው ጨሊሲ! ዝም በይ፣ አለቀ።»

«እንዴት ነው የሚያልቀው? ረመዳን ከገባ ጀምሮ እኮ ፀሐይ ሳትገባ ነው ያስፈጠርኳቸው። ሁሉም ቀዷ አለባቸው፣ ያበላሹትን ቀን መልሰው መጾም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው ሊያፈጥሩ ነው።»

«ስልካቸውን ሲያመጡ ቀስ እያልሽ አስተካክዪው። ማን ያውቃል?»

«አያመጡም፣ ኢልያስ። ከእኔ የወሰደው ለሌላ ልኳል። ትናንት ከሰንበቴ ገበያ የመጣ ሰው ስልክ ላይ አየሁት፤ ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ‹ማን ላከልህ?› ብለው ‹ሰው› አለኝ። የት ሄጄ ልሰብስበው?»

ኢልያስ ሳህኑን ገፋው። «ከተማውን ሙሉ ጾም ያስገደፈችው የኢልያስ ሚስት ናት እንዲባል ነው የምትፈልጊው? ነገ ማን ባጃጄ ላይ ይወጣል? ማን ሱቅሽ ይመጣል?»

«ሸህ በድሩ ያለ ጥፋታቸው ሊነሱ ነው እኮ።»

«ይነሱ! ስለ አንቺ ምን እንዳሉ ረሳሽው? እኔ እስከ ዛሬ መስጊድ ስገባ ሰው የሚያየኝ በዚያ ዓይን ነው። እናትሽ ስታለቅስ የት ነበሩ?»

አልረሳችውም። ችግሩም እሱ ነው። የበደለችው ሌላ፣ ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ሮጣ ሄዳ በነገረችው ነበር፤ ለእኚህ ሰው ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት። ስልክሽን ስጪ ተብላለች፤ ዝም ካለች ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ በሐሰት መመስከር ነው። ይህንን እያወቀችም «ይበላቸው» የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ነበር።

«የምትሠሪውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ ኢልያስ ጀርባውን ሰጥቷት። «የእኔን ስም ግን እንዳታነሺ።»

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በፊት ዓፊያ ሱቋን ዘግታ ወደ መስጊዱ ሄደች። ሸህ በድሩ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው የማይክ ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው የተላጠ ሽቦ በፕላስተር ይጠቀልላሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሸህ።»

«ወዓለይኪ ሰላም። ሰዓት ልትነግሪኝ ነው የመጣሽ? እኔ እንደሆንሁ ሰዓት አላውቅም ተብያለሁ።»

«ተሳስቻለሁ። ስልኩ የሚጮኸው በጅዳ ፀሐይ ነው። እርስዎ አልዘገዩም፤ እኛ ነን የቀደምነው።»

የሸህ በድሩ እጅ ሽቦው ላይ ቆመ። «ዱጋ? እውነት ነው የምትዪው?»

«ወሏሂ። ትናንት ከምሥራቁ ጋራ ላይ የፀሐይ ብርሃን እያየሁ ነው ስልኩ አዛን ያለው።»

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ሽማግሌው ግን ፕላስተሩን መሬት ላይ ወረወሩት። «አሁን ነው የምትመጪው? የልጅ ልጆቼ የሚሆኑ ዱርዬዎች በየማታው በዚህ በር ላይ የቴምር ፍሬ ይተፉብኛል። ይህንን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ! አውቀሽስ ምን አደረግሽ?»

ዓፊያ የምትዋሸው ውሸት ፈልጋ አጣች። «ሳቅሁ» አለች።

ሸህ በድሩ ፕላስተሩን ከመሬት አነሱ። ከግቢው ውስጥ ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

«በይ ሂጂ፣ ለኮሚቴው ተናገሪ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ኮሚቴው ቢሰማ እርስዎን ይተዋል እንጂ ወሬው ሰዉ ጋ አይደርስም። አፑ የማላውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ከማፍጠሪያው በፊት ሁሉም ቤት የሚደርሰው የእርስዎ ማይክ ብቻ ነው።»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ከማይኩ እንዳይነሳ ፈጥሮ ነው ይሉኛል። አብዱልጀባር ቀድሞ ይስቃል።»

«ለዚህ ነው ስሜን የሚጠሩት።»

ሸህ በድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ማይክ የሴት ስም የሚጠራው ለጀናዛ ነው። ልጅቷ ሞተች ሲባል ነው። በቁምሽ?»

«በቁሜ።»

«ይሰድቡሻል። ቀዷ የሚያወጡ ሁሉ ይረግሙሻል። እኔም እንደሆንሁ ይቅር አላልኩሽም፣ እወቂው።»

«እኔም አላልኩዎትም» አለች ዓፊያ። እውነቷን ነበር።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልለየላትም። ተነስተው ወደ ክፍሉ ገቡና ማይኩን እፍ እፍ አሉበት። «የማን ሚስት ብዬ ልጥራሽ? የኢልያስ?»

«የማንም አይበሉ። ዓፊያ፣ አፕ የምትጭነዋ ይበሉ። ሱቄን ያውቁታል።»

በከሚሴ ማይኩ ከሶላት ሰዓት ውጭ ሲከፈት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ዓፊያ መንገድ ላይ ሳለች «ያ ጀመዓ!» የሚለው ድምፅ ሲወጣ ባጃጆች ቆሙ፣ ሴቶች ከየበሩ ብቅ አሉ። ከዚያ ስሟ ተጠራ። ሸህ በድሩ አልቀነሱላትም፣ አልጨመሩባትምም፦ አፕ የምትጭነዋ ዓፊያ ተሳስታለች፣ የጅዳው አዛን ለከሚሴ አይሆንም፣ በእሱ ያፈጠረ ሁሉ ቀዷ አለበት፤ ይህንን እሷ ራሷ መጥታ ተናግራለች። አንዴ ብለው ደገሙት። ከአንድ በር ውስጥ «አላህ ይያዝልኝ!» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ፤ ሌላዋ «ዓረብ አገር የተማረችውን ነው» አለች።

ዓፊያ ወደ ቤቷ የሚወስደው ቅያስ ጋ ደረሰች። እዚያ ገብታ በሯን ብትዘጋ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ኢልያስም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ቅያሱን አልፋው ሄደች። ሱቋን ከፈተች፣ መስኮቱንም አነሳችው።

መጀመሪያ የመጡት ሐጂ አብዱልጀባር ነበሩ። ከኮሚቴው ስብሰባ ቀድመው፣ ስልካቸውን በጡጫቸው ጨብጠው፣ ከኋላቸው ሰው አስከትለው መጡ።

«አንቺ!» አሉ ገና መንገዱን ሳይሻገሩ። «በእኔ ዕድሜ ጾሜን በስልክ ታበላሺው? አፍሽን ሞልተሽ ‹እሺ ሐጂ› አላልሽኝም ትናንት? በኮሚቴው ፊት አዋረድሽኝ፣ አላህ ያዋርድሽ!»

ከኋላቸው ያለው ሰው አጉረመረመ። አንዱ መስኮቱን በመዳፉ መታው። ዓፊያ ወደ ውስጥ አልሸሸችም።

«ስልክዎን ያምጡ» አለች እጇን በመስኮቱ አውጥታ። «ማፍጠሪያው ሳይደርስ አፑን ላጥፋልዎ።»