በሽቦ የታሰረው በር

ሽማግሌው ዋላስ ፔንሪ ከመኪናው በወረዱ ቁጥር ጉልበታቸው ይንቋቋ ነበር። ቢሆንም በዚያ አገር ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ከነጂው ጎን የተቀመጠ ሰው ወርዶ መንገዱን የሚያቋርጠውን የከብት አጥር በር ይከፍታል፤ መኪናው ካለፈ በኋላም በሩን እንዳገኘው ይተወዋል። ተዘግቶ ያገኘውን ይዘጋል፤ ተከፍቶ ያገኘውን አይነካም። ዋላስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በከብት ጠባቂነት፣ ኋላም በጠባቂዎች አለቅነት ሲኖሩ፣ ይህን ያፈረሰ መንገደኛ ከከብት ሌባ ተለይቶ አይታያቸውም ነበር።

በዚያ ቀን ግን በሩ ከሥርዓትም በላይ ነበር። ልጃቸው ኖሪን ከባሕሩ ዳርቻ ሁለት ቀን ነድታ የመጣችው ፖርት ኦገስታ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ልትወስዳቸው ነው። በብርዱ ወራት ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ረስተውት የማድ ቤታቸው ግድግዳ ተቃጥሏል፤ ሐኪሙም ለብቻቸው መኖር እንደማይገባቸው ተናግሯል። ዋላስ የመግቢያውን ቅጽ አልፈርምም ብለው ሁለት ወር ተከራክረው ነበር። በማለዳ ሊነሡ ሲሉ አንድ ነገር አመጡ።

«እስከ አስፋልቱ አሥራ ሰባት በር አለ። አንዱን ከሳትኩ ያለ ክርክር እፈርምልሻለሁ። ካልሳትኩ መኪናውን አዙረሽ ወደ ቤቴ ትመልሺኛለሽ።»

ኖሪን ክርክሩ ሰልችቷት ነበርና እሺ አለች። ደግሞም ሳይረፍድ አንዱን እንደሚስቱ አልተጠራጠረችም።

የአሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኢሞጀን ከኋላ ተቀምጣ በመስኮቱ አቧራ ላይ በጣቷ ጭረት እያሰመረች በሮቹን ትቆጥር ጀመር። መንገዱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነውና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ቀዩ አቧራ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ገብቶ የስንቁን ዳቦ አሸዋ አሸዋ አሰኘው። ዝናብ ከጠፋ ሦስተኛው ዓመት ነበር፤ በግራም በቀኝም ከደረቀ ቁጥቋጦ በቀር የሚታይ አልነበረም። ወሬም ቢሆን ከአምስተኛው በር በኋላ አለቀባቸው።

አሥረኛው በር ክፍት ነበር። ኖሪን ሳትቆም አለፈችና ከውሃ ገንዳው አጠገብ ካለችው ብቸኛ ዛፍ ሥር አቆመች። በጨው የታሸ ሥጋ በዳቦ በሉ፤ ለብ ያለ ሻይ ጠጡ። ኢሞጀን እዚያው መኪናው ውስጥ አንቀላፋች። ኖሪን ዕቃውን ስትሰበስብ ሽማግሌው እግራቸውን ለማፍታታት ወደ ኋላ ጥቂት ተራመዱ፤ ተመልሰውም ገቡ። ጉዞው ቀጠለ።

አሥራ አራተኛውን በር ዘግተው ሲመለሱ ኢሞጀን ጭረቷን አሰመረች።

«አሥራ አራት ለዜሮ» አለች። «እማዬ፣ ለመልሱ ነዳጅ ቆጥቢ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ውሃሽን ጠጪ» አለቻት እናቷ፤ ድምፅዋ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

አሥራ አምስተኛው በር ላይ ዋላስ ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸው ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ክንድ የሚያህል፣ ሁለት ሦስት ቦታ የተጠማዘዘ ሽቦ። ከየት እንዳመጡት ለማሰብ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ እንደ ራቀ ሕልም መጣላቸው። ከምሳ በኋላ ወደ ኋላ ሲራመዱ ክፍቱን በር አይተዋል። እጃቸው ቀኑን ሙሉ ሲዘጋ ውሏልና፣ በሩን ከምሰሶው ጋር ያሰረውን ሽቦ ፈትተው፣ በሩን ገፍተው፣ ሰንሰለቱን አስገብተዋል። ቁጥብ ሰው ናቸውና ሽቦውን አልጣሉትም።

በርን በሽቦ ከፍቶ ያሰረ ሰው በምክንያት ነው። ውሃው ያለው ከበሩ ወዲህ፣ ከብቱ የሚሰማራው ከበሩ ወዲያ ነው። ባለቤቱ ገንዳውን የሚያየው በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ በዚህ ሐሩር ከብት ሁለት ቀን ያለ ውሃ ቢውል በእግሩ አይቆምም።

ከእርሳቸው በቀር ያወቀ የለም። አስፋልቱ ሊደረስ ሁለት በር ቀርቷል። ከአስፋልቱ በኋላ የራሳቸው በረንዳ፣ የራሳቸው አልጋ፣ ከሚስታቸው መቃብር አጠገብ የተከሉት ዛፍ አለ። ሰንሰለቱን ይዘው ቆሙ። ኖሪን የመኪናውን ጥሩንባ ነፋች፤ ቆይታም ደገመች።

በሩን ሳይከፍቱ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ኖሪን፣ አዙሪ።»

«ወዴት?»

«ምሳ ወደ በላንበት። በሩን ዘግቼዋለሁ።»

«አባዬ፣ ሙቀቱ ነው። እሱ በር ክፍት ነበር እኮ፤ አልነካኸውም።»

ሽቦውን ከመሪው አጠገብ አስቀመጡት። «ይህን ታዲያ ከምን ፈታሁት?»

ኖሪን ሽቦውን አንሥታ አገላበጠችው። ኢሞጀን ከኋላ፣ ሌላ መንገደኛ ይከፍተዋል፣ መቼም ሰው ማለፉ አይቀርም አለች።

«ዛሬ ስንት መኪና አየሽ?» አሏት።

«የኛን ብቻ» አለች ቀስ ብላ።

ስድሳ አራት ኪሎ ሜትር ተመለሱ። ሲደርሱ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። ከበሩ ወዲያ አርባ የሚሆኑ ላሞች አፍንጫቸውን በብረቱ ላይ አስደግፈው ቆመዋል፤ የሚጮኹ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ዋላስ ሰንሰለቱን አውጥተው በሩን ሳቡት፤ ከብቶቹ በግራ በቀኝ እየገፏቸው ወደ ገንዳው ነጎዱ። አንዲት ጥጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ እስክታልፍ ጠበቋት። ከዚያ በሩን ከምሰሶው ጋር በሽቦው ሦስት ጊዜ ጠምዝዘው አሰሩት። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ ኖሪን ከጎናቸው ቆማ ሳትረዳቸው ጠበቀች።

«ባትናገር ማን ያውቅ ነበር?» አለች። «አልቆጥረውም፣ አባዬ። ነገ ልመልስህ እችላለሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ።

«ዛሬ ሽቦው ኪሴ ውስጥ ተገኘ። ሌላ ቀን ላይገኝ ይችላል።»

ቅጹን ራሳቸው ከመኪናው መሳቢያ አወጡ። መኪናው ሲሄድ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እንደቆመ ይሻላል አሉ። በመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፈው፣ ከልጅነታቸው በተማሩት በተስተካከለው የእጅ ጽሕፈት፣ ስማቸውን እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፉ። ኖሪን ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

እንደገና አሥራ አምስተኛው በር ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። ኢሞጀን ልትወርድ የኋላውን በር ከፈተች፤ እናቷ በዓይኗ መለሰቻት። ዋላስ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ፤ ከፈቱ፤ መኪናው አለፈ።

ኖሪን አንገቷን በመስኮት አውጥታ «እንዴት ነበር ያገኘነው?» አለች።

«ተዘግቶ» አሉ፤ ዘጉትም።