የሁለተኛው ድርሻ

ኢብሴ ትንፋሿን ውጣ የኮቷን የመጨረሻ ቁልፍ ለመዝጋት ስትታገል አለቃዋ ፀጋ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ቶሎ በይ እንጂ! ፎቶ አንሺው መንገድ ላይ ነው። ለአዲሱ ማስታወቂያ የተመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ አዴ ፀጋ።»

ቁልፉ እንደ ምንም ተዘጋ። ኢብሴ ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ኋላ ቆመች። ባንኮኒው እስከ ደረቷ ድረስ ይጋርዳታል። ባልደረባዋ ኬኔ ሆዷ ሲገፋ «ለምቾትሽ ነው» ተብላ ልብስ ማጠቢያ ከተመደበች ወዲህ፣ ኢብሴ ሆዷን በሻሽ ጠፍራ ነው ሥራ የምትገባው።

ውጭ የነቀምት ጭጋግ ባጃጆቹን ይውጥና መልሶ ይተፋቸዋል። እንዲህ ባለ ጠዋት አምና ያስወረዳትን ጽንስ ታስባለች። ያኔ ድንኳን አልተተከለም፣ አልቃሽም አልመጣ። ጎረቤቶቿ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለው ከደጅ ተመለሱ። እሷም በሳምንቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ለእንግዶች ፈገግ አለች። ያ ልጅ ግን አንዳንዴ ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ይታያታል፤ ክፍል የሚሰጠው ያጣ፣ ስም ያልወጣለት እንግዳ ሆኖ።

የታመመች እህታቸውን ለመጠየቅ ከአንገር ጉቲን መጥተው ሆቴሉ ያደሩት እማማ ዛህራ ከክፍላቸው ወርደው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከፌስታላቸው የተቆላ ለውዝ አወጡ። ሽታው ባንኮኒውን ተሻገረ። ኢብሴ ሳታውቀው ምራቋን ዋጠች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ተነሥተውም ባንኮኒው ላይ አንድ እፍኝ አፈሰሱ፤ አጠገቡ ደግሞ ለይተው ሌላ እፍኝ።

«እማማ፣ ሥራ ላይ መብላት ክልክል ነው።»

«ላንቺ ክልክል ይሁን። ይኸኛው የሱ ነው። ሸትቶት ሳልሰጠው ብሄድ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«የማን?»

«ወላሂ፣ ሰባት ከወለድኩት ትደብቂያለሽ? አብሽሪ ልጄ።»

ኢብሴ ሳቀች። በሳቋ መሃል፣ ከሻሹ ሥር፣ አንድ ነገር እንደ ዓሣ ተገላበጠ። የመጀመሪያ እንቅስቃሴው ነበር። እጇን ባንኮኒው ላይ ጣለች።

ፀጋ ስትመለስ ሁለቱን የለውዝ ክምር አየች፤ ቀጥላም የኢብሴን ኮት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ሁለቱን ልጆቼን እዚሁ ባንኮኒ ኋላ ደብቄ ነው የተሸከምኳቸው። ከዚያው ሆነሽ ፎቶ ተነሺ። ከወጣሽ ግን የሆቴሉ ባለቤት ሆድሽን ፎቶው ላይ ያያል፤ ከማጠቢያው ላስቀርሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ፣ አዴ።»

ፎቶ አንሺው ጭጋግ ለብሶ ገባ። «እህት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በይ።»

ኢብሴ ሁለተኛውን እፍኝ በመዳፏ ሰበሰበች። በሌላኛው እጇ የኮቷን ቁልፍ ፈታች፤ ከባንኮኒው ኋላም ወጥታ ፊት ለፊት ቆመች።

«ከዚህ አንሳኝ» አለች።