የዞረው ማጭድ

ድንቄም ሊቀመንበር! የቀበሌያችንን ከበበን ማለቴ ነው። በዕድሜው አንድ ነዶ አጭዶ የማያውቅ ሰው፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መዶሻና ማጭድ ከአጥሩ ዛፍ ላይ ካልተቀረጸልኝ ብሎ ድርቅ አለ።

አጥሩ የእኔ የአትክልተኛው የገረሱ ልፋት ነው። ግቢው ተወርሶ ቀበሌ ሳይሆን በፊት፣ የቤቱ ጌታ የነበረው ፈረንጅ ከአገሩ ያስመጣውን ቅርንጫፍ እዚሁ እንጦጦ ግርጌ አጽድቄ ነው ያሳደግሁት። እሱ “ዪው” ይለው ነበር፤ ሰፈሩ ጥድ ይለዋል፣ ይበል። ከዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም፤ ከእናቲቱ ተቆርጦ ነው የሚተከለው። በዓመት አንድ ስንዝር ካደገ ተመስገን ነው። አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባለቤቴ ሎሚ ደግሞ ከግቢው ጀርባ፣ ድሮ መቀስና መኮትኮቻዬን አስቀምጥበት በነበረው መጋዘን ታስራ ነበር። ወንጀሏ ሳቅ ነው። ከበበ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያነብ የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰና ያንኑ ገጽ እንደገና አነበበው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሕዝቡ አንገቱን ሲደፋ የእኔዋ ሳቀች። አድኃሪ ተባለችና ሃያ ሁለት ቀን ሆናት። ምግብ ሳቀብላት በመስኮቱ ፍርግርግ የምትጠይቀኝ፣ “ሁለተኛውን ገጽ አገኘው?” እያለች ነበር። እኔ ግን እቤት ስገባ አለቅስ ነበር።

መቀሴን አነሳሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከበበ መንገድ ላይ ቆሞ አጥሩን አየ፤ ከዚያ በእጁ የያዘውን ሥዕል አየ።

“አንተ ሰውዬ! ማጭዱ ዞሯል!”

“ከግቢ ውስጥ ሲያዩት ልክ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“እንግዶቹ የሚመጡት በመንገድ ነው! አዙረው!”

አዙረው! ዛፍ ባርኔጣ መሰለው።

“መቀስ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም” አልሁት። “የተቆረጠው እስኪሞላ አምስት ዓመት ይፈልጋል። ይጠብቃሉ?”

“ነቅለህ አዙረህ ትከለው!”

“ይደርቅብዎታል። የደረቀ ማጭድ ለበላይ አካል ሊያሳዩ ነው?”

ላቡ ችፍ አለ። “ምን ይሻላል ታዲያ?”

“በኋላ በር ያስገቧቸዋ።”

አህያ ማር አይጥማትም ይላሉ፤ ይቺኛዋ ግን ላሰችው። የኋላው መንገድ በመጋዘኑ ደጃፍ እንደሚያልፍ ትዝም አላለው። እኔ መቀሱን ሳላነሳ ጀምሮ አስቤበታለሁ።

በበዓሉ ቀን ከበላይ አካል ሦስት ሰዎች መጡ፤ ከወዳጅ አገር የመጣ ካሜራ የያዘ ፈረንጅም አብሯቸው ነበር። ፈረንጁ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ የሎሚን ፊት በፍርግርጉ አይቶ ቆመ።

“ሴትዮዋ ማን ናት? ይላል” አለ አስተርጓሚው።

ከበበ በእጁ ወደ እኔ ጠቆመ። “የ... የአትክልተኛው ረዳት ናት። መሣሪያ ልታወጣ ገብታ ነው።”

“ከሥራዋ ጋር ፎቶ ላንሳት ይላል።”

ከበበ በገዛ እጁ ቁልፉን ከፈተ። እሰይ! መቀሱን ለሎሚ አስያዝኳት። ፈረንጁ ብርሃን ፈልጎ ሁላችንንም በፊት ለፊቱ በር ወደ መንገዱ አወጣን። የበላዮቹ የዞረውን ማጭድ ፊት ለፊት አዩት፤ አጨበጨቡም። ለካ እነሱም ማጭድ ወዴት እንደሚዞር አያውቁም!

ሎሚ ማጭዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከበበን አየች። ከዚያ ከትከት ብላ ሳቀች። ፈረንጁም ደስ ብሎት ያንኑ አነሳ። የበላዮቹ ሳቁ። ቁልፉን እንደጨበጠ፣ ከበበም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በፎቶ ላይ የወጣችን ታታሪ ሠራተኛ ማን ያስራል? ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ተላከ፤ “ከቢሮው ይሰቀል” ከሚል ትእዛዝ ጋር። ይኸው ከከበበ ወንበር ትይዩ ተሰቅሎ፣ ሎሚ ጠዋት ማታ ትስቅበታለች።