አስተርጓሚዋ ማን ነበረች?

ወንድሜ ሊዑል ሳይክል ነድቶ ነው የሚበላው ስል ሰው ይስቅብኛል። “እኔም እኮ ነድቼ ነው የምበላው” ይለኛል ጎረቤታችን ግዛው፣ በታክሲው ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት የሚመላለሰው። እኔም እስቃለሁ እንጂ ነገሩን ማስረዳት ይከብደኛል። ልጁ ፕሮፌሽናል ነው። መጀመሪያ ጣልያን፣ ቀጥሎ ቤልጅየም፣ አሁን ደግሞ እዚሁ አሜሪካ ለአንድ ትንሽ ቡድን ይወዳደራል። ግን አንድም ቀን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ሥራው አንደኛ የሚወጣውን ሰው ማገዝ ነው። ከቡድኑ መኪና ኮዳ ተሸክሞ ያቀብለዋል፣ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን ይጋፈጥለታል፣ የሰውየው ጎማ ከተነፈሰ የራሱን ፈትቶ ይሰጠዋል። ሰውየው ሻምፓኝ ሲረጭ የእኛ ልጅ ከኋላ እያለከለከ ይገባል። እናታችን በሕይወት ሳለች “ታዲያ እሱ ራሱ ለምን አይቀድምም? ጉልበት አንሶት ነው?” ትለኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብን ስምንት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ነሐሴ ዴንቨር ውስጥ ውድድር ነበረው። የዚያን ቀን ጠዋት ደወለልኝ።

“ፀዲ፣ መሪያችን ታሟል። ማናጀሩ ዛሬ ለራስህ ንዳ አለኝ።”

“ጎሽ! ከዚያስ?”

“ከዚያማ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ፊት ከገባሁ ያድሱልኛል። ካልገባሁ በቃ፣ አለቀልኝ።”

ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩና ግዛውን አስከትዬ ወጣሁ።

ስለ ሥራዬም ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሠራሁት ነገር አይገባችሁም። የምሠራው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ የሰው አእምሮ የሚመረመረው በጥያቄ ነው፤ ዓመቱ ስንት ነው፣ ወሩ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ሆኗል። አምና እማማ እታለም የሚባሉ እናት ገቡና ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር መለሱ። ነርሷ ተምታቶባቸዋል ብላ ጻፈች። ደሜ ፈላ። “የተምታታብሽስ አንቺ ነሽ፤ እሳቸው ከአንቺ በላይ ያውቃሉ” ብዬ ሱፐርቫይዘሩ ድረስ ሄድኩና አሳረምኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር የሚደርስብኝ የለም። ሐበሻ ሲጠየቅ ከሰማሁ ሳልጠራ እገባለሁ።

ውድድሩ የዙር ነበር። ከፓርክ ሂል ሰፈር ቤቶች መሀል ተነሥተው የኮልፋክስን ጎዳና ይዘው ይመለሳሉ፣ እንደገና ያንኑ ይዞራሉ። እኛ መታጠፊያው ላይ የብረት አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ሁልጊዜ እንደለመድኩት ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ይመጣል ብዬ የምጠብቀው ወንድሜ ከፊት ካሉት ጋር መጣ። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ጭራሽ እሱ ራሱ ፊት ሆኖ እየጎተታቸው መጣ። ግዛው ይዞት የመጣውን ባንዲራ አንገቴ ላይ ጠምጥሞ “ያ ሊዑል ነው! ያ የእኛ ነው!” እያለ ጆሮዬን አደነቆረኝ። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

ቀጥሎ በመጣው ዙር መታጠፊያው ላይ አጠገቡ የነበረው ልጅ ተንሸራተተ። ሊዑል በላዩ ላይ ሄደና በራሱ ቆመ፣ ማለቴ ራሱ አስፋልቱን መታ። ድምፁን ሰማሁት። ሄልሜቱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ወዲያው ግን ተነሣ። ደም የለም፣ ስብራት የለም። በዙር ውድድር የወደቀ ሰው ሌሎቹ ዞረው እስኪመጡ ይታገሡታል፤ ሲመጡ ተቀላቅሎ ይቀጥላል። ሜካኒኩ ሌላ ሳይክልና ሌላ ሄልሜት ይዞ ቆመ። የውድድሩ ዶክተር ደግሞ ወንድሜን በትከሻው ይዞ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ጀመረ። ሊዑል በአማርኛ ይመልሳል። እንግሊዝኛውን ከእኔ አሻሽሎ የሚናገር ልጅ! ደንግጦ ነው አልኩ።

“ቋንቋውን የሚያውቅ አለ?” አለ ዶክተሩ ወደ እኛ ዞሮ።

“እህቱ! እህቱ እዚህ አለች!” ግዛው ነው። አጥሩን ከፍ አደረገልኝና ገባሁ።

“ወሩ ማን እንደሆነ ጠይቂው” አለኝ ዶክተሩ።

ጠየቅኩት። “ነሐሴ” አለ።

“ኦገስት” አልኩ።

“ዓመቱስ?”

“ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት” አለ ወንድሜ።

“ሁለት ሺህ ሃያ አምስት” አልኩ ዓይኔን ሳላሽ።

“ስንት ሰዓት ገደማ ይመስለዋል?”

“ሰባት ተኩል ቢሆን ነው።”

“ዋን ተርቲ።”

ዶክተሩ ሰዓቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። በአንድ እግር አቆመው፣ ጣቱን አስከተለው፤ ሁሉንም ሠራ። “ደህና ይመስላል” አለ። ሜካኒኩ ሳይክሉን አስጠጋ። ከላይ በኩል የሰው ጩኸት እየቀረበ ነው፤ እየመጡ ነው ማለት ነው። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። እኔ ባልኖር ኖሮ ይሄ ፈረንጅ ነሐሴን የት ያውቃታል!

ሊዑል የዚያን ጊዜ ክንዴን ሳብ አደረገኝ። እርጋታው የጤነኛ ነው።

“ፀዲ፣ እማዬን ምነው ፀሐይ ላይ አቆምሻት? ጥላ ውስጥ አስገቢያት እንጂ።”

እማዬ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። አብረን ነው የቀበርናት።

ግራ ገባኝ። ምናልባት እንዲያው ነው አልኩ፤ የወደቀ ሰው እናቱን ይጠራል፣ እኔም በር ጣቴን ሲቆልፍብኝ እማዬ ነው የምለው። ግን ይኼ ጥሪ አይደለም፤ ቆማ አይቷት ነው የሚያዝንላት። ደግሞስ ሊዑል ከመቼ ወዲህ ነው ነሐሴ ማለት የጀመረው? ስምንት ዓመት ሙሉ ኦገስት ሲል ነው የምሰማው። የነገረኝስ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት የእኛው ነው ወይስ የፈረንጁ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ጣልያን ሄዶ የጀመረበት፣ እማዬም የነበረችበት? ትክክል ነው ብዬ የተረጎምኩት ሁሉ ትክክል ይሁን አይሁን ጠፋኝ። ልጁን ያሳለፈው የእሱ አእምሮ ነው ወይስ የእኔ?

“ምን አለ?” አለኝ ዶክተሩ።

ሊዑል አንድ እግሩን አሻግሮ ሳይክሉ ላይ ወጥቷል። ዓይኖቹ ያበራሉ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። “ምንም፣ ቶሎ ልሂድ ነው የሚለው” ብል ማን ያውቅብኛል? ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሀል አማርኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። ግን ራሱን ሁለቴ የተመታ ሰው መጨረሻውን አውቀዋለሁ። መጦሪያው ውስጥ በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ።

“እናታችንን እያያት ነው” አልኩት። “እናታችን ሞታለች።”

ዶክተሩ የሳይክሉን እጀታ ያዘ። ሊዑል ታገለ። ሜካኒኩም ተጨምሮ አወረዱት። ወንድሜ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና “ፀዲ፣ ምን አልሽው?” አለኝ። ከመመለሴ በፊት ሌሎቹ እየተንጋጉ አለፉ። ከዚያ በኋላ የሚገባበት ውድድር አልነበረም።

ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ እኔ አፓርትመንት ወሰድኩት። መጋረጃ ዘግተህ ተኛ፣ ስልክ አትንካ፣ ቲቪ አትይ፣ አትናደድ ተባለ። ሊዑል ተኛ። ሲነቃ ይበላል፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ይለኛል፣ ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አያወጣም። አኮረፈኝ አልኩ፤ መብቱ ነው። የሚወደውን ሠርቼ አቀርባለሁ፣ በእግሬ ጫፍ እሄዳለሁ፣ እስኪጮህብኝ እጠብቃለሁ። ቢጮህብኝ በወደድኩ። ማናጀሩ ደውሎ ኮንትራቱ እንደማይታደስ ሲነግረው እንኳ ከክፍሉ ወጥቶ “በቃ አለቀ” ብቻ ብሎኝ ተመለሰ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግዛው ሊጠይቀው መጣ። ሦስታችንም ሳሎን ተቀመጥን። ሊዑል የዚያን ቀን ሻል ብሎት ነበር፤ አፉ ተፈታ።

“ማናጀሩ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?” አለ። “ዶክተሩ አሳልፎኝ ነበር አሉ። ሄልሜት ሁሉ አድርጌ ነበር። አንዲት አስተርጓሚ ናት ያስቀረችኝ። ሐበሻ!”

ግዛው እኔን አየ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

“ማን እንደሆነች እንኳ አላውቃትም” አለ ሊዑል። “ምን እንዳደረግኳትም አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ኮዳ ተሸክሜ አንድ ቀን ለራሴ ልንዳ ስል፣ የገዛ ወገኔ! ሰው በሰው እንዲህ ይጨክናል?” ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ፀዲ፣ እንዲህ አታደርጊኝም ነበር።”

ግዛው ስልኩን አውጥቶ “ሰው መጣልኝ፣ ኤርፖርት ነው” ብሎ ተነሣ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

በሩ ሲዘጋ እኔ ምን እንደሚሰማኝ አላወቅኩም። ያኮረፈኝ የመሰለኝ ወንድሜ ለካ አላኮረፈኝም፤ ደስ አለኝ። አላኮረፈኝም ማለት ግን አያስታውስም ማለት ነው፤ ያን ሰዓት በእርግጥ አእምሮው ከእሱ ጋር አልነበረም ማለት ነው። ልክ ነበርኩ። ዝም ብል እኮ ይችን ሴት ዕድሜ ልኩን እየረገማት እኔን እየመረቀ ይኖራል።

“እኔ ነበርኩ” አልኩት።

ሳቀ። “ደሞ ለማን ብለሽ ነው የምትሸፍኚው?”

“ሊዑል፣ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩልህ። ግዛው ነው አጥሩን ያነሣልኝ። ክንዴን ይዘህ እማዬን ጥላ ውስጥ አስገቢያት አልከኝ። እኔም ለዶክተሩ ነገርኩት።”

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔን ሳይሆን መስኮቱን ያይ ጀመር።

“እማዬን አልኩ?”

“አልክ።”

“ከመውደቄ በፊት ያለውም የለም ፀዲ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ጠዋት ለአንቺ መደወሌን አውቃለሁ። ከዚያ ሆስፒታል ነው። መሀሉ የለም። ይመለሳል ብዬ ነው እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት።”

ልመልስለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“ፊት ነበርኩ?”

“ፊት ነበርክ” አልኩት።