ሐውልቱ ሁለት

ሐውልቱ ሁለት የመጣ ሰሞን፣ ኮተቤ ወንደሰን ጌም ቤት ውስጥ አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። ጆይስቲክ ይዞ የማያውቀው ሁሉ በሩን ተደግፎ ይፈርዳል። "የመጀመሪያው ይሻላል፤ ይሄን እኮ ሰው እንዳይጨርሰው ብለው ነው የሠሩት" አለ ከበበ። ከበበ ስለማያውቀው ነገር በልበ ሙሉነት ያወራል፤ ስለሚያውቀው ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም፤ የሚያውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም። ሌላው ተኩሱ አነሰ ይላል። ሌላው እንቆቅልሹ በዛ ይላል። ወንደሰን ዲስኩን ያስገለበጠው ራሱ ስለሆነ ክፉ ሲነገርበት አይወድም። "ጌሙ ምንም አልሆነም። እናንተ ናችሁ ኳስ ብቻ እየተጫወታችሁ የደነዘዛችሁት" ይለናል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ተስማምተን ነበር፤ ዝምታው ላይ። የመጀመሪያው ክፍል ሙዚቃ ነበረው፣ ሰዎቹም ያወሩ ነበር። በሁለተኛው ከተኩስና ከእግር ኮቴ በቀር ምንም አይሰማም። "አውቀው ነው። ብቻህን መሆንህ እንዲሰማህ ነው" አለ ከበበ፣ እኛም አንድ ቀን እንኳ እውነት ተናገረ ብለን አጨበጨብንለት። የትም ቦታ ተጫወተው፣ ከተማው ውስጥ የነበረው ሐውልቱ ሁለት ሁሉ እንደዚያው ዝም ያለ ነበር።

የጌሙ ትክክለኛ ስም ረጅም እንግሊዝኛ ነው፤ ጨርሶ ያነበበው ሰው አላየሁም። ሽፋኑ ላይ ሐውልት ስላለበት ሐውልቱ አልነው። ሽጉጥ የያዘ አንድ ሰውዬ አለ፤ ከጀርባው እያየኸው ትነዳዋለህ። ዘበኞቹን ተኩሰህ ትጥላለህ። ከዚያ የተቆለፈ ክፍል ይገጥምሃል፤ እሱን ደግሞ በማሰብ እንጂ በጥይት ብዛት አትከፍተውም። ሐውልቱ አንድን ከነመጨረሻው የጨረስነው እኔና ዮፍታሔ ነን። ሥራ ተከፋፍለን ነበር፤ እኔ ተኳሽ፣ እሱ ፈቺ። ዘበኞቹ ሲያልቁና በሩ ሲመጣ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። ዮፍታሔ ጆይስቲኩን እንኳ አይነካም። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ስክሪኑን ትክ ብሎ ያያል፤ ትንሽ ቆይቶም "የግራውን ምታ፣ ከዚያ ላይኛውን" ይለኛል። በሩ ይከፈታል። እኔ ኢታና እጄ እንጂ ጭንቅላቴ ፈጣን አይደለም፤ ሰፈሩ የሚያውቀውን ነገር ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል? ዮፍታሔ ግን ከኮተቤ ልጆች ሁሉ ብሩሁ ነበር። ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም፤ በሕይወት እያለም እለው ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ራስ ምታት ጀመረው። ሲመረመር ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረው፤ ቀዶ ሕክምናው አደገኛ ነው፣ ገብቶ የማይወጣም አለ። ስለዚህ አስተሳሰቡ ደህና እስከሆነ ድረስ በኪኒን እየጠበቁ ሊያዩት ይችላሉ። ማሰብ እያቃተው ሲመጣ ግን እጢው እያደገ ነው ማለት ነውና፣ ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር መምጣት አለበት። እናቱ እትዬ የማርያምወርቅ "ኪኒኑንም ይዋጥ፣ ጸበሉንም ይጠመቅ" ብለው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይዘውት ወጡ።

ሐውልቱ ሁለት የመጣው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ያለ ፈቺ ተኳሽ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው የተቆለፈ ክፍል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ባሕር ዛፉን ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ዮፍታሔ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ከክፍላቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል።

"እንዴት ነው ሁለተኛው?" አለኝ፣ ገና ሰላም ሳልለው።

እትዬ የማርያምወርቅ ብቅ አሉ። "ጴንጤው ልጄ፣ መጣህ?" አሉና ስመውኝ ሲያበቁ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ያን የሰይጣን መጫወቻ እዚህ ጸበል ቦታ እንዳታነሳብኝ!"

"ኧረ አላነሳም፣ እትዬ።"

"ና እስቲ ትንሽ እንንቀሳቀስ" አለኝ ዮፍታሔ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ እንዳልን ክፍሉን ነገርኩት፤ በሩ የት እንዳለ፣ ግድግዳው ላይ ምን እንደተሳለ፣ የቱን ስመታ ምን እንደሚሆን። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ይዞ ጠበቀኝ። ወርጄ እንዳለኝ አደረግሁ፤ ተከፈተ። ጌም ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው መጡ። ከበበም አስተያየቱን ቀየረ። "ጌሙ እኮ ቀላል ነው። ዮፍታሔ ሳያየው ነው የሚፈታው!"

እንዲህ እያልን ክረምቱን ገፋነው። ቅዳሜ እወጣለሁ፣ አንድ ክፍል እነግረዋለሁ፣ ያለፈውን ሳምንት መልስ ይዤ እወርዳለሁ። ኢንተርኔት ላይ እንፈልገው ያሉም ነበሩ። ዮፍታሔ ይህን ስነግረው ተቆጣ፤ እሱ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ማንም እንዳይፈልግ! ሐኪሙ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ከመቶ ወደ ኋላ ቁጠር ይለኛል። ያንንማ ማን ያቅተዋል? እኔ ጭንቅላቴ መኖሩን የማውቀው በዚህ ነው። ከተቀዳማ ምን ዋጋ አለው?" ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "አየህ ኢታና፣ እስካሁን አለሁ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታ መስሎኝ ወጥቼ አላውቅም። መንገድ ላይ እንዳልረሳው ክፍሉን እየደጋገምኩ ለራሴ እያወራሁ እወጣለሁ፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እኔንም ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ያደርጉኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሰባቱ ሐውልቶች ያሉበት ክፍል መጣ። ሰባቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ልብሳቸው፣ ጥላቸው ሳይቀር። ከሰባቱ አንዱን መምታት አለብህ። ከተሳሳትክ ወለሉ ተከፍቶ ይውጥሃል። ትክክል ከሆንክ ክፍሉ ይጨልምና እንደገና ይበራል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልተገኘ በሩ አይከፈትም። በግምት አንዴ አገኘሁ፤ ከዚያ ያው ተዋጥኩ።

ዮፍታሔ ያልጠየቀኝ ነገር የለም። ዓይናቸው ወዴት ያያል? ብርሃኑ ከየት ነው? ወለሉ ላይ ስንጥቅ አለ? መጨረሻ ላይ "የሚሰማ ነገርስ?" አለኝ።

"የለም። ሁለተኛው እኮ ዝም ያለ ነው። ሁሉም ያደነቀው እሱን ነው፤ ብቻህን መሆንህ እንዲሰማህ አውቀው ነው ያደረጉት።"

"ጎበዞች ናቸው" አለ። እሱም አደነቀ።

በሳምንቱ መልስ ይዞ ጠበቀኝ፤ ወርጄ ሞከርኩት፤ ስህተት ነበር። ሌላ መልስ ሰጠኝ፤ እሱም ስህተት። በሦስተኛው ቅዳሜ ምንም መልስ አልነበረውም። ከስቷል። "ትናንት ማንኪያ የሚለው ቃል ጠፋኝ" አለኝ።

"ባክህ፣ እኔ የራሴ ስልክ ቁጥር ይጠፋኝ የለ!"

"አንተማ ድሮም ነው" አለና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ኢታና፣ ድሮ ቢሆን እፈታው ነበር። እውነቱን ንገረኝ፣ ድሮ ቢሆን እፈታው አልነበረም?"

ትፈታው ነበር አልኩት። እውነት ነዋ። ሌላ ምን ልበል?

ኅዳር ሲገባ ጸበሉን አቋርጦ ወደ ሐኪሙ ለመውረድ ቆረጠ። እትዬ የማርያምወርቅ አልለቅም ብለው አለቀሱ፣ ተሳሉ፣ ለመኑት፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። ሻንጣውን እስከ ታክሲው የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። በመስኮቱ እጄን ያዘ።

"ሲከፈት ትነግረኛለህ።"

"አንተ ራስህ ትከፍተዋለህ" አልኩት።

ከቀዶ ሕክምናው አልነቃም። እዚያው እንጦጦ፣ ኪዳነ ምሕረት ተቀበረ። እኔ በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ወንደሰንና ከበበ ደግፈው ነው ያወረዱኝ። ጌም ቤት መሄድ አስጠላኝ። ቤት መዋልም አስጠላኝ። ጓደኛ እንደዚያ ነው የሚጎድል፤ የምትሄድበት ሁሉ ቦታ ያጣል።

ዐርባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወንደሰንን ሰላም ልል ጎራ አልኩ። ጥጉ ላይ የማላውቃት ልጅ ተቀምጣለች። ርሆቦት ትባላለች፣ ከአያት ሰፈር ነው የመጣችው፤ የቤቷ ማሽን ተበላሽቶባት። አጎቷ ከውጭ ያመጣላትን ያልተገለበጠ ዲስክ ይዛለች። ሐውልቱ ሁለት ነው።

"ድምፁን ጨምርልኝ" አለችው ወንደሰንን።

ሙዚቃ ነበረው። ሰውዬው ያወራ ነበር። ከበበ አፉን ከፍቶ ቀረ። ልጅቷ ሰባቱ ሐውልቶች ጋ ደረሰች፣ እና ሐውልቶቹ አዜሙ። በቀስታ፣ ከንፈር ገጥሞ እንደሚያዜም ሰው። ርሆቦት ሰውዬውን ከአንዱ ወደ አንዱ አስጠጋችው፤ ስድስቱ ያዜማሉ፣ አንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለውን መታችው። እንደገና አዳመጠች፣ መታች። እንደገና። በሩ ተከፈተ።

ዘወር ብላ አየችን። "ይሄ ነው ከባድ የምትሉት? በጣም ቀላል እኮ ነው!"

ወንደሰን ወለሉን እያየ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ዋናው ዲስክ ትልቅ ነው፤ ባዶው ዲስክ አልበቃ ሲል ገልባጮቹ ሙዚቃውንና ንግግሩን ቆርጠው ይጥላሉ። ለተኩስ ምን ያደርጋል ብለው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። "እኔ በምን አውቃለሁ፣ ኢታና?" አለኝ፤ እውነቱን ነው፤ በምን ያውቃል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይሄ ነው። ጉድለቱ የዲስኩ ሆኖ ሳለ የተፈረደበት የጓደኛዬ ጭንቅላት ነበር። ስንት ሰው ስንት አስተያየት ሰጠ፤ አንድም ሰው ድምፁ የት ሄደ አላለም። እጢው አድጎ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ያ ክፍል ያለ ድምፅ ለማንም እንደማይፈታ ነው።

ዐርባው ቅዳሜ ዋለ። እንደ ልማዴ በፈረንሳይ በኩል ወጣሁ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ዝክሩን እየቀመሰ ሳለ እትዬ የማርያምወርቅ በክንዴ ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ወሰዱኝ። ጥቁር ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ሰፍቷል።

"ትደበቁኝ የነበረው እዚህ አይደል?" አሉኝ። "አውቅ ነበር። ከአንተ ጋር አውርቶ ሲመለስ እህል ስለሚቀምስልኝ ነው ዝም ያልኩት።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ኢታናዬ፣ አንድ ነገር ጠይቄህ እውነቱን ትነግረኛለህ?"

"እነግርዎታለሁ።"

"አልለቅም ብዬው ነበር። 'እማዬ፣ ድሮ የምከፍተውን በር መክፈት አቃተኝ፣ ጭንቅላቴ እያለቀ ነው' ሲለኝ ነው የለቀቅሁት። አሁን ዘመድ አዝማዱ 'ጸበሉን አስቋርጣ ገደለችው' ይለኛል። በፊቴ አይሉም፤ ግን እሰማለሁ። ሌሊት እየተነሣሁ የማስበው ይህንኑ ነው። ያ በር ለማንም የማይከፈት ከሆነ፣ ልጄ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው የሰደድኩት። እስቲ ንገረኝ። የከፈተው ሰው አለ?"

ይህ ደግሞ ሌላ የተቆለፈ ክፍል ነው፤ እኔ ተኳሽ ነኝ፣ ፈቺዬ ደግሞ ከበስተጀርባችን አፈር ውስጥ ተኝቷል። እውነቱን ሙሉውን ብነግራቸው ልጃቸው እስከ መጨረሻው ብሩህ እንደነበረ ያውቃሉ፤ ከዚያም በኋላ እንቅልፍ አያገኙም።

"አለ፣ እትዬ። አንዲት ልጅ ከፈተችው።"

"ከባድ ነበር?"

"አይ። ቀላል ነበር።"

አንድም የሐሰት ቃል አልወጣኝም። እትዬ የማርያምወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ፊታቸው ሲፈታ ዓይኔ እያየ ነው። "ተመስገን" አሉ። "ታሞብኝ ነበር እንግዲህ። ልጄ እውነቱን ነበር።" ጉንጬን ሳሙኝ። በኮተቤ አንደኛ የነበረውን ጭንቅላት ለእናቱ እንቅልፍ ብዬ አሳልፌ ሰጠሁ፤ ዮፍታሔ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? ምናልባት ደግ አደረግህ ይለኝ ነበር። አላውቅም።

እንመለስ እንደማለት ክንዴን ያዙኝ፤ ግን የወሰዱኝ ወደ ዝክሩ አልነበረም። አፈሩ ገና ያልጠና መቃብር አጠገብ አቆሙኝ።

"ሲከፈት ኢታና ይነግረኛል ብሎኝ ነበር" አሉ። "በል፣ ቃልህን ጠብቅ። ንገረው።"

እያዳመጡኝ ነው። ከጎኔ ቆመው፣ እጄን ይዘው፣ እያንዳንዱን ቃል እያዳመጡ ነው።

"ዮፍታሔ፣ በሩ ተከፈተ" አልኩት። "ቀላል ነበር።"