ጨው ለጨው ሠሪ ቤት

ሚስናዲ ሞተር ሳይክል ፈቶ ሲገጥም ግራ ተጋብቶ አያውቅም። ግራ መጋባት የጀመረው ሊያገባ ሲል ነው።

በማዱራ ደሴት ሙሽራው አልጋውንና ቁም ሳጥኑን አስጭኖ ሙሽሪት ግቢ ይገባል፤ ገብቶም እዚያው ይቀራል። በሠርጉ ቀን የሙሽሪት አክስቶች ፍራሹን ይጫናሉ፣ መሳቢያውን ይስባሉ፣ በሩን ይከፍታሉ። ባዶ ዕቃ ይዞ የገባ ሙሽራ ስሙ በክፉ ይነሳል። ስለዚህ ሚስናዲ እጮኛውን ሩቆያን ከአልጋው ሌላ ምን እንደምትፈልግ አስቀድሞ ጠየቃት። እሷም ሱራባያ ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ያየችውን ነገር እንደምትፈልግ ነገረችው፦ የመስታወት ሳጥን፣ የባሕር ውሃ፣ አበባ መስለው ድንጋይ ላይ የበቀሉ ግን እንስሳ የሆኑ ኮራሎች፣ በመሃላቸው የምትሽሎከለክ ብርቱካንማ ዓሣ።

የሩቆያ ቤት የወደብ ከተማዋ ካሊያንገት ነው። ከጓሮው በር ተነስቶ ባሕሩ ጋ እስኪደርሱ አንድ ሲጋራ አያልቅም። ባሕር ዳር የምትኖር ሴት በሳጥን የሚቀመጥ ባሕር ምን ያደርግላታል? ሚስናዲ አልገባውም። ደግሞ መጠየቅ ግን ለሙሽራ አያምርም ብሎ እሺ አለ።

ማዱራን ከሱራባያ የሚያገናኘውን ድልድይ ተሻግሮ ሄደ። የዓሣ ሱቁ ባለቤት ሊዮንግ ሲያወራ ደንበኛውን ሳይሆን ዓሣዎቹን የሚያይ ሰው ነው። ሳጥኑ ውሃ ሲሞላ እንደ ጎሽ ስለሚከብድ ወለሉ ይችለው እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ውሃውን እንደ ማዕበል የሚገፋ ፓምፕ፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ማሽን፣ ፀሐይን የሚተካ መብራት አወረደ። በመጨረሻም ውሃው እንዳይሞቅ ከላይ የሚነፍስበት ፋን ጨመረ። ሚስናዲ ፀሐይ ከገዛ በኋላ ፀሐዩን የሚያበርድ ፋን ለምን እንደሚገዛ ጠየቀ። ሊዮንግ ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ፋኑን ጠቀለለለት።

“ዓሣውስ፣ ኮህ?” አለ ሚስናዲ፤ ወንድም ጋሼ ማለቱ ነው።

“ዓሣና ኮራሉ ከወር በኋላ። መጀመሪያ ከባሕር የወጣውን ድንጋይ ታስገባለህ። ድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እስኪበዙ ትጠብቃለህ።”

“ወሩን ሙሉ እኔ ምን ልሥራ?”

“ታያለህ።”

“ምኑን?”

“ውሃውን።”

የመጨረሻው ዕቃ አንድ ትልቅ ባልዲ ጨው ነበር። ሚስናዲ ሳቀ። አማቱ የሚሆኑት የሩቆያ አባት ፓክ ማታሊ የታወቁ ጨው ሠሪ መሆናቸውን፣ ግቢው ውስጥ የጨው ክምር ከቤቱ እንደሚበልጥ ነገረው። ሊዮንግ አልሳቀም። ጨው ሠሪ ከባሕሩ የሚወስደው ጨውን ብቻ ነው አለ፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ሌላው ነገር ገሚሱ ጨው ሳይረጋ ይዘቅጣል፣ ገሚሱ በሚደፋው መራራ ውሃ ይሄዳል። ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ሙሉው ባሕር ነው፣ በደረቁ። ሚስናዲ እንግዲያው ከባሕሩ ልቅዳ ቢለው፣ ወደብ አጠገብ ያለ ውሃ ናፍጣ ነው ብሎ መለሰለት። ስለዚህ ሚስናዲ ባሕር ዳር ላለ ቤት የደረቀ ባሕር ተሸክሞ ወጣ።

ፒካፕ ያለው ጓደኛው ቡናሳን ነው። ዕቃው አሁኑኑ ሄዶ ወሩን እዚያ ይጠብቅ ማለት አይቻልም፤ ከኒካ፣ ከጋብቻው ውል፣ በፊት የሙሽራ ዕቃ የሙሽሪትን ደጅ አይረግጥም። በሠርጉ ቀን ሳጥኑን ያለ ዓሣ በባዶው ከመውሰድ ሌላ መንገድ አልነበረም።

“ድንጋይ ጭኖ ሚስት ቤት የገባ የመጀመሪያው ሰው ትሆናለህ” አለ ቡናሳን። ቀጥሎ ባልዲውን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሲነግረው ሞተሩን አጠፋ። “ጨው? ፓክ ማታሊ ቤት?”

“ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደብቀዋለን።”

አሪፍ ሐሳብ ነው ብለው ሁለቱም ተስማሙ። አክስቶቹን ሁለቱም ረሱ።

በሠርጉ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ፒካፑን ጠበቀ። አልጋው ተመሰገነ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ ያለው ድንጋይ የባሕር ሽታውን ሲለቅ ጥቂት ሰዎች ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ታላቋ አክስት፣ የፓክ ማታሊ እህት ቡክ ሱምሪያ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

“ጨው ነው” አሉ ጮክ ብለው። “ባልዲ ሙሉ። ልጁ እኛ ያጣን መስሎታል።”

አንድ ሰው ሳቀ፤ ፓክ ማታሊን ሲያይ ተወው። ሽማግሌው ከኒካ አሳሪው ጎን ተቀምጠው ነበር። ልጅቱን የሚድሯት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው አፋቸውን ካልከፈቱ ኒካ የለም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ በጣታቸው ቀመሱ።

“ጨው አመጣህልኝ፣ ልጄ?”

“ለእርስዎ አይደለም፣ ፓክ። ለዓሣው ነው።”

“ዓሣው የታለ?”

“ገና ነው። ከወር በኋላ።”

“እስከዚያ ጨዉን ማን ይበላዋል?”

“ድንጋዩ” አለ ሚስናዲ። ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ሰማው።

ፓክ ማታሊ ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ከራሳቸው ጨው ነጭ የነጣውን በጆንያ ይዘው ነበር፤ ሚስናዲ እግር ሥር አስቀመጡት። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ይሄ ነው ብለው ተመልሰው ተቀመጡና መልሱን ጠበቁ። ኒካ አሳሪው ሰዓቱን አዩ። ሚስናዲ እሺ ቢል ኒካው ይታሰራል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ግን ያልቃል፤ የሩቆያም ስጦታ የጨው ውሃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንቢ ቢል ሩቆያን ራሷን ያጣል።

“አይሆንም፣ ፓክ” አለ። “የእርስዎ ጨው ጨው ብቻ ነው አሉ። ሌላው የሚደፉት ውሃ ውስጥ ይሄዳል አሉ።”

“መራራው?”

“አዎ።”

“እጅ የሚያቃጥለው? ሣር የሚያደርቀው?”

“እሱ ነው መሰለኝ።”

“እሱንም ሸጡልህ?”

“ከጨው ጋር ቀላቅለው።”

ፓክ ማታሊ ወደ ኒካ አሳሪው ዞሩ። “ዕድሜዬን ሙሉ ስደፋው ኖሬያለሁ” አሏቸው። ኒካ አሳሪው ነገሩ ከየት እንደጀመረ ስላላወቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መሃል ከመጋረጃው ኋላ የሩቆያ ድምፅ መጣ። “አባ፣ ሳጥኑ የኔ ነው። ነገሩ እርስዎም አልገባዎትም፣ እኔም አልገባኝም፣ እሱም አልገባውም። እሱ ግን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ነው የመጣው።”

ሽማግሌው ሚስናዲን አተኩረው አዩት። “የምትለው ነገር ገብቶሃል?”

“አብዛኛው አልገባኝም፣ ፓክ።”

“እሺ ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“እሷን ግን ታታልልብኝ ነበር።”

ፓክ ማታሊ ጆንያቸውን በእግራቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው የሙሽራውን እጅ ያዙ፤ ለኒካ የሚባለውንም አሉ።

በማግስቱ ሳጥኑ ወለሉ ጠንከር ያለበት ክፍል ተቀመጠ። ሊዮንግ የላከውን ጨው መለኪያ ፓክ ማታሊ አይተው ወዲያ አደረጉት። የጨው ኩሬዎቻቸውን ውሃ የሚለኩበትን የመስታወት ተንሳፋፊ አወጡ፤ በጀልባ እስከ ጥልቁ ሄደው ባሕሩ ላይ አሳረፉትና ውሃው የደረሰበት ላይ ክር አሰሩ። ከዚያ ባልዲውን ራሳቸው እየዘገኑ፣ ራሳቸው እያማሰሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ክሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ማንንም አላስነኩም። የራሳቸውን ጨው አንድ ቁንጣሪ እንኳ አልጨመሩበትም። ሚስናዲ ይህን ለማረጋገጥ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እሳቸውም ለምን እንደቆመ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ እየመጣ አየ። መብራት፣ ፋን፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ዓሣው የት ሄደ ሲሏቸው ፓክ ማታሊ ዓሣ የለውም፣ ገና ነው ይሉ ነበር፤ የሚሉትም ዓሣ ያለው ሰው በሚኮራበት ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ቡክ ሱምሪያ ገብተው ወንድማቸውንና ሚስናዲን ጎን ለጎን መስታወቱ ፊት ተቀምጠው አገኟቸው።

“ምን እያያችሁ ነው?”

“ውሃውን” አሉ ፓክ ማታሊ።

“ምን ሆነ?”

“እስካሁን ምንም።”

ቡክ ሱምሪያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።